ከኮድ የሚላክ ሪኩዌስት፦ ቦዲው የት ገባ? (ጥያቄና መልስ)

ወደ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት መግቢያ) ዳታ ስለመላክ የጠየቃችሁኝን እነሆ በአንድ ላይ። ሪኩዌስት ለሰርቨር የሚላክ ጥያቄ ነው፤ ቦዲ በውስጡ የሚሄደው ዳታ፣ ሄደር ደግሞ ስለ ሪኩዌስቱ የሚናገር መግለጫ ነው። ምሳሌዎቹ በፓይተንና በጃቫስክሪፕት ናቸው፤ በሌላ ቋንቋም ነገሩ ያው ነው።

ጥ፦ በፓይተኑ «ሪኩዌስትስ» ላይብረሪ ዲክሽነሪ ስልክ ሰርቨሩ 400 (ሪኩዌስቱ ልክ አይደለም) ይመልስልኛል። ያንኑ ዳታ በፖስትማን (ሪኩዌስት መሞከሪያ ፕሮግራም) ስልከው ይሠራል። ምን አጥፍቼ ነው?

መ፦ «ዳታ=» ብለህ የላክኸው ይመስለኛል። እንዲህ የተላከ ዲክሽነሪ ጄሰን (ኤፒአዮች የሚቀበሉት የዳታ አጻጻፍ) አይሆንም። እንደ ድረ ገጽ ፎርም «አይዲ=7&ብዛት=2» ሆኖ ተቀጣጥሎ ነው የሚወጣው። «ዳታ=»ን አጥፋና «ጄሰን=» በለው። ላይብረሪው ወደ ጄሰን ይቀይርልሃል፤ የዳታውን ዓይነት የሚናገረውን፣ ኮንቴንት ታይፕ የሚባለውን ሄደርም «አፕሊኬሽን/ጄሰን» ብሎ ራሱ ይሞላል። ፖስትማንም የሠራልህ ጄሰን ብለህ ስትመርጥ ሄደሩን ስለጨመረልህ ነው።

ደግሞ አትገምት፣ እየው። ከመጣልህ ሪስፖንስ ላይ መጀመሪያ «ሪኩዌስት»ን፣ ከእሱ ደግሞ «ቦዲ»ን ፕሪንት አድርግ። በትክክል የወጣው ነገር ፊትህ ይመጣል። ሰው ግን ኮዱን አሥር ጊዜ ያነባል እንጂ ይህን አያይም።

ጥ፦ በጃቫስክሪፕቱ ፌች (ሪኩዌስት መላኪያ ፈንክሽን) ኦብጀክት ላክሁ። ሰርቨሩ ጋ የደረሰው «[ኦብጀክት ኦብጀክት]» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው።

መ፦ ፌች ኦብጀክትን ወደ ጄሰን አይቀይርልሽም፤ በግድ ጽሑፍ ያደርገውና ያ ጉድ ይወጣል። በ«ጄሰን.ስትሪንጊፋይ» ቀይረሽ ላኪው። የኮንቴንት ታይፕ ሄደሩንም ራስሽ «አፕሊኬሽን/ጄሰን» ብለሽ ጻፊ። ካልጻፍሽው «ቴክስት/ፕሌን» ተብሎ ይሄዳል፤ ጥብቅ የሆነ ሰርቨር 415 (ይህን የዳታ ዓይነት አልቀበልም) ብሎ ይመልስብሻል።

ጥ፦ ፋይል በፎርምዳታ (ፋይልና መስኮችን አንድ ላይ የሚይዝ የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት) ስልክስ የኮንቴንት ታይፕ ሄደሩን ምን ልበለው?

መ፦ ምንም። ፋይሉና ሌሎቹ መስኮች የሚለያዩት በአንድ የድንበር ጽሑፍ ነው፤ እሱን የሚፈጥረውና ሄደሩ ላይ የሚጽፈው ፌች ነው። በእጅህ «መልቲፓርት» ብለህ ከጻፍህ ድንበሩ ይቀራል፣ ሰርቨሩም ፋይሉ የት እንደሚጀምር አያውቅም።

ጥ፦ የላክሁት ፖስት (ዳታ የሚልክ ሪኩዌስት) ነው። ሰርቨሩ ሎግ ላይ ግን ጌት (ዳታ የሚጠይቅ ሪኩዌስት) ይላል፣ ቦዲውም ባዶ ነው!

መ፦ ይህ ብዙ ሰው ያሳብዳል። አድራሻውን በኤችቲቲፒ ጽፈኸው ሰርቨሩ ወደ ኤችቲቲፒኤስ አዙሮህ ይሆናል፤ ወይም መጨረሻው ላይ ያለችውን «/» ረስተሃል። ሰርቨሩ በ301 ወይም በ302 (ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ የሚሉ የመልስ ቁጥሮች) ሲያዞርህ ፌችም ሆነ ሪኩዌስትስ ፖስቱን ጌት ያደርጉታል፣ ቦዲውንም ይጥሉታል። እንዲሁ በሚያዞሩት በ307 እና በ308 ግን ፖስቱም ቦዲውም እንዳሉ ይቆያሉ። ሰርቨሩ የሌላ ከሆነ አንተ የምታደርገው አድራሻውን ከመጀመሪያው አስተካክሎ መጻፍ ነው።

ጥ፦ በጌት ቦዲ መላክ ይቻላል?

መ፦ ተዉት። ፌች ገና ሳይልከው ስሕተት ይላል። ሌላ ላይብረሪ ቢልክላችሁም መንገድ ላይ ያለ ሰርቨር ሊጥለው ይችላል።

ጥ፦ አማርኛ ስልክ መጨረሻው ተቆርጦ ይደርሳል። እንግሊዝኛው ደህና ነው።

መ፦ ኮንቴንት ሌንግዝን (የቦዲውን ርዝመት የሚናገረውን ሄደር) በእጅሽ እየሞላሽ ነው አይደል? እሱ የሚቆጥረው ባይት ነው እንጂ ፊደል አይደለም። በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው፤ 3 ብለሽ ከጻፍሽ ሰርቨሩ «ሰ»ን አንብቦ ያቆማል። ሄደሩን አጥፊው፣ ላይብረሪው ራሱ ይቆጥር።

ጥ፦ ፖስት ልኬ መልስ ሳይመጣ ታይምአውት ሆነ (የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ)። ደግሜ ብልከውስ?

መ፦ ቀስ በል። ታይምአውት ማለት መልሱ አልደረሰህም ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ክፍያ ከሆነ ሁለቴ ሊቆረጥ ይችላል። አንዳንድ ኤፒአይ ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት የማይደገም ቁልፍ በሄደር ይቀበላል፤ በዚያው ቁልፍ ብትደግመው ሥራው አንዴ ብቻ ይፈጸማል። ያ ከሌለ መጀመሪያ በጌት ጠይቅ፤ መዝገቡ ካልገባ ብቻ ድገመው።