የዓመቱ ድምር ጳጉሜንን ለምን ዘለላት?

ጥያቄ፦ የሱቃችንን ሽያጭ በኤክሴል እይዛለሁ። በበጀት ዓመቱ መሠረት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ለየወሩ አንድ ሺት አለኝ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማጠቃለያ»፤ እዚያ ያለው ቀመር ከሐምሌ ሺት እስከ ሰኔ ሺት ይደምራል። የጳጉሜንን ሺት ዘግይቼ ጨመርኩ፤ የዓመቱ ድምር ግን ንቅንቅ አላለም። የስህተት መልእክትም የለም።

መልስ፦ መልእክት ያልወጣው ቀመሩ በራሱ ጤነኛ ስለሆነ ነው። ኤክሴል የወር ስም አያውቅም፤ የሚያየው ከታች ያሉትን ታቦች አሰላለፍ ብቻ ነው። በሁለቱ ጫፍ ሺቶች መካከል ያለውን ሁሉ ይደምራል፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ይተዋል። የመደመር ምልክቷን ሲጫኑ አዲሱ ሺት የሚገባው በዚያ ሰዓት ከተከፈተው በስተቀኝ ነው። ማጠቃለያ ላይ ሆነው ከጨመሩት፣ ጳጉሜን ከሰኔ ወዲያ ወድቋል ማለት ነው። ታቡን ጎትተው በነሐሴና በመስከረም መካከል ይጣሉት፤ ድምሩ ወዲያው ይስተካከላል።

እንዳይደገም ሁለት ባዶ ሺቶች ይጨምሩ፤ «መነሻ» ከሐምሌ በፊት፣ «መድረሻ» ከሰኔ በኋላ። ማጠቃለያ ከመድረሻ ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ ማጠቃለያ ላይ የእኩል ምልክትና ሰም (SUM፣ የመደመር ቀመር) ጽፈው ቅንፍ ይክፈቱ፤ የመነሻን ታብ ይጫኑ፤ ሺፍትን ይዘው የመድረሻን ታብ ይጫኑ፤ የወሩ ድምር ያለበትን ሴል ነክተው ቅንፉን ይዝጉና ኢንተር ይበሉ። በሁለቱ ባዶ ሺቶች ላይ ምንም አይጻፍ።

ታቡ ቦታው ላይ ሆኖም ድምሩ የሚሳሳትበት ሌላ መንገድ አለ፤ ይሄኛው የባሰ ነው። ቀመሩ ከየሺቱ የሚያነበው አንድ ዓይነት ሴል ነው፤ ኤፍ 45 (የኤፍ ዓምድ 45ኛ ረድፍ) ከሆነ በሁሉም ላይ ኤፍ 45። የካቲት ላይ አንድ ረድፍ ከገባ የዚያ ወር ድምር ወደ ኤፍ 46 ይወርዳል፣ ቀመሩ ግን 45ን ማንበቡን ይቀጥላል። በዚያ ሴል የመጨረሻው ቀን ሽያጭ ይኖራል፤ የወሩ ድምር ቀርቶ የአንድ ቀን ይደመራል። ስለዚህ የወሩን ድምር ከታች አያስቀምጡ። ኤፍ 2 ላይ ያድርጉት፣ ከኤፍ 5 እስከ ኤፍ 500 ይደምር፤ ዝርዝሩ ከሥር እንደፈለገ ይርዘም።

ማጠቃለያው ላይ 13ቱን ወራት አንድ በአንድ፣ የእኩል ምልክት ጽፈው የየሺቱን ድምር ሴል በመንካት ያምጡ። እንዲህ የመጣ ቁጥር ረድፍ ቢጨመርም ሴሉን ይከተላል። የ13ቱን ድምር ከዓመቱ ድምር ቀንሱ፤ ዜሮ ካልሆነ አንድ ሺት ሾልኳል ወይም አንድ ሴል ተንሸራቷል።

አዲስ ወር ሲከፍቱ ከባዶ አይጀምሩ፤ ያልተሞላ ናሙና ሺት ይኑርዎት፣ ኮንትሮልን ይዘው ታቡን ሲጎትቱት ቅጂው ይወጣል። የሺት ስም ከ31 ፊደል አይበልጥም፣ እዝባርም አይቀበልም፤ «11/2017» ብለው ከሚታገሉ «ሐምሌ 2017» ይበሉ። ፋይሉን ወደ ጎግል ሺትስ ለመውሰድ ካሰቡ ግን በሺቶች መካከል የሚደምረው ቀመር እዚያ አይሠራም፤ የ13ቱ መስመር ሰንጠረዥ ያገለግላል።

አሰላለፉ ሲያልቅ ሪቪው ውስጥ ፕሮቴክት ወርክቡክን ይጫኑ። ታብ ማንቀሳቀስ፣ ማጥፋትና ስም መቀየር ይዘጋል፤ ሽያጭ መመዝገብ አይከለከልም። የጠፋ ሺት በኮንትሮል ዜድ ስለማይመለስ ይህን ሳያደርጉ ፋይሉን ለሌላ ሰው አይስጡ።