መልስ፦ ለሚኒባስ የኋላ ወንበሮች የ12 ቮልት ሶኬት ስለ ማስገባት

ከደሴ አዲስ አበባ በሚመላለሰው ሚኒባስዎ የኋላ ወንበሮች አጠገብ መንገደኞች ስልክ የሚሞሉባቸው ሁለት ሶኬቶች ለመጨመር፣ መስመሩን ከሲጋራ ማቀጣጠያው ሽቦ ላይ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ይህን ፈጽሞ አልመክርም፤ ያ ሽቦ የተመጠነው ለአንድ ሶኬት ስለሆነ፣ ጭነቱ ሲደራረብ ይሞቃል፣ ወይም ፊውዙ በየጊዜው ይቃጠላል።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ራሱን የቻለ መስመር ያውጡና 15 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው ሳይርቅ ያስገቡ፤ ፊውዙ ሶኬቱ ጋ ከተቀመጠ በመካከል ያለው ሽቦ ያለ ጥበቃ ይቀራል። ሽቦው 5 ሜትር ርቆ የሚሄድ ከሆነ፣ 10 አምፒር ሲያልፍበት በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ደርሶ መልስ 0.7 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ በ4 ግን ወደ 0.44 ይወርዳል፤ ስለዚህ ባለ 4ቱን ባለ ብዙ ክር የመዳብ ሽቦ ይምረጡ።

ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ ሽቦው ብረት አልፎ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በየቀኑ በሚወርድ መኪና ላይ የቀዳዳው ጠርዝ ልባሱን ቀስ በቀስ ይፍቀዋልና፣ የጎማ ቀለበት ሳያስገቡ አያሳልፉት። ሶኬቶቹ በመኪናው ማስነሻ ቁልፍ በሚታዘዝ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ቢያልፉ ደግሞ፣ መኪናው ቆሞ ሲያድር ባትሪው አይራገፍም።