ከጥቁሩ ድንጋይ ጀምሩ፦ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን

ውድ ልጆቼ፣

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ሳይንስ ለማስተማር ገና መመደባችሁ ነው። ስለ አለት፣ ስለ ቅሪተ አካልና ስለ በረዶ ዘመን የሚናገረው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው። መምህሩ ሦስቱን የአለት ዓይነቶች ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ተፈትኖ ይረሳዋል። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ መጨረሻው «በምን አወቅን?» የሚለውን አንድ ጥያቄ አትልቀቁ።

የባሕር ዳር ልጅ ከቤቱ እስከ ክፍሉ የሚረግጠው ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ ረግቶ የሠራው ጥቁር ድንጋይ ነው። ኮብልስቶኑ፣ የአጥሩ መሠረት፣ የቤቱ ወፍጮ ሁሉ እሱ ነው። ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርጋችሁ ክፈሉና ለእያንዳንዱ ቡድን እንቁላል የሚያካክሉ አራት ድንጋዮች ስጡ። አዲስ የተሰበሩ ይሁኑ፤ የድንጋዩ ውጫዊ ቆዳ በዝናብና በፀሐይ ስለሚበላ ልጆቹ «ቡናማ» ብለው ይመዘግቡታል። ሰባሪው መምህሩ ይሁን። ድንጋዩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላችሁ ምቱት፣ ዓይናችሁንም ሸፍኑ፤ ባዛልት ስለታም ስንጣሪ ያስፈነጥራል።

ከዚያ ቀዳዳዎቹ ከየት እንደመጡ ጠይቋቸው። ላቫው ውስጥ የነበረው ጋዝ አምልጦ ሳያልቅ ድንጋዩ ስለረጋበት ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ በነጭ ማዕድን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ኋላ ሰርጎ የገባ ውሃ ያስቀመጠው ነው። ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ አቼቶ ሲነካው አረፋ ያወጣል፣ ዚዮላይት የሚባለው ሌላ ማዕድን ከሆነ ዝም ይላል። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ማዕድኑን መጀመሪያ በምስማር ፋቁትና ዱቄቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣሉ። አረፋውን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አሳዩ። ሁልጊዜ የሚያጋጥማችሁ ስህተት አለ፦ አንዱ ልጅ የኮንክሪት ስብርባሪ ይዞ ይመጣና አረፋ ስላወጣለት «የኖራ ድንጋይ አገኘሁ» ይላል። አትቆጡት። አሸዋና ጠጠሩ በምን እንደተጣበቀ እንዲመለከት አድርጉት፤ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ መሆኑን ያን ጊዜ ንገሩት። እውነተኛውን የኖራ ድንጋይ ከደጀን በኩል የሚመጣ ሰው ያምጣላችሁ። ካልተገኘ የእንቁላል ቅርፊትም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ልውጥ አለትን፣ ማለትም በሙቀትና በግፊት የተለወጠውን፣ ወለል ከሚያነጥፉ ሠራተኞች በምታገኙት የእብነ በረድ ቁራጭ አሳይታችሁ እለፉ።

ቅሪተ አካል ላይ ስትደርሱ ልጆቹ ጥቁሩን ድንጋይ ፈልፍለው አጥንት ሊያወጡ ይሞክራሉ። ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ ላቫ የሚያስተርፈው አካል እንደሌለ ራሳቸው እንዲደርሱበት ጠይቋቸው። ቅሪተ አካል ያለው በላቫ ንብርብሮች መካከል በተኛው ደለል ውስጥ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ያለው ጭልጋ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዚያ ደለል ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዝሆን ዘመዶችና የዕፅዋት ቅሪት ተገኝተዋል። ቅሪተ አካል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ ስለሆነ፣ ያየ ልጅ ሳይነካ ቦታውን ይመዝግብና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር።

የቅሪተ አካል አሻራ እንዴት እንደሚቀር በተግባር ለማሳየት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይበቃል። ነገር ግን ልጆቹን ሐይቁ ውስጥ አታስገቡ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ። ውሃው ሸሽቶ ደረቅ መሬት ላይ የተወውን ባዶ ቅርፊት ብቻ ልቀሙና በረኪና ባለበት ውሃ ዘፍዝፋችሁ እጠቡት። ቅርፊቱን ቫዝሊን ቀብታችሁ የሸክላ ጭቃ ላይ ተጫኑትና አንሱት፤ የቀረውን ጉድጓድ በጀሶ ሙሉት። ልኩ ለአንድ ስኒ ውሃ ሁለት ስኒ ጀሶ ነው። ጀሶውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ጀሶው ላይ ካፈሰሳችሁ ይጓጉላል። ጭቃው ከረጠበ ይጣበቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ጀሶ ሲረጋ ስለሚግል ማንም እጁን አይንከርበት፤ ትርፉም ቧንቧ ውስጥ አይደፋ።

የዘመንን ርዝመት ለማሳየት ሜዳው ላይ 46 ሜትር ገመድ ዘርጉ፤ ጠቅላላው የምድር ዕድሜ ሲሆን አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው። ናይለን ገመድ ስለሚለጠጥ በሜትር ለኩት። የደጋችንን መሬት የሠራው የላቫ ጎርፍ ከዛሬ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ድንቅነሽ 3.2 ሴንቲ ሜትር ላይ ትውላለች። ጣና የደረቀበት ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

አዎ፣ ጣና ደርቆ ነበር። የበረዶ ዘመን ትምህርታችሁን እዚህ ላይ መሥርቱት። ልጆቹ በዚያ ዘመን ዓለም ሁሉ በረዶ የለበሰች ይመስላቸዋል። በኛ አገር ግግር በረዶ የነበረው እንደ ሰሜንና ባሌ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ነው፤ ባሕር ዳርን ያገኛት ብርድና ድርቅ ነበር። ከሐይቁ ወለል ሥር በተወሰደ የደለል ናሙና ውስጥ ደርቆ የጠነከረ ንብርብር፣ ከላዩ የደንገልና የረግረግ ዕፅዋት ቅሪት፣ ከዚያም በላይ የጥልቅ ውሃ ደለል ታይቷል። ድርቁ የዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ ነው፤ የዛሬ 15,000 ዓመት ገደማ ሐይቁ ዳግም ሞልቶ ወደ አባይ ፈሰሰ።

«ይህን የሚያህል ሐይቅ እንዴት ይደርቃል?» ይሏችኋል። 84 ሴንቲ ሜትር በ66 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ጣናን ያስሉት፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ልኬት የሐይቁ ትልቁ ጥልቀት፣ 14 ሜትር ገደማ፣ 0.14 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአንድ የደብተር ሉክ ብዙም አይወፍርም።

ንብርብር እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ሊትር ሃይላንድ አሳዩ፤ ሲሶውን ጠጠር፣ አሸዋና የሐይቅ ዳር ጭቃ፣ የቀረውን ውሃ አድርጋችሁ በጥብጡት። ጠጠሩና አሸዋው ወዲያው ሲወርዱ ሸክላው ሌሊቱን ይፈጃል፤ ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ በዋዜማው አዘጋጁ። ግግር በረዶ አለትን እንዴት እንደሚፍቅ ለማሳየት ደግሞ በፕላስቲክ ኩባያ ሁለት ማንኪያ አሸዋና ውሃ አቀዝቅዙ። አሸዋው ከታች ስለሚተኛ በዚያ በኩል ሳሙና ላይ ተጭናችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ጎትቱት። አሸዋ ካበዛችሁ ይረግፋል። በረዶው እስከ ክፍል እንዳይቀልጥ ሰጋቱራ ውስጥ ቅበሩት።

የባሕር ቅርፊት በአባይ በረሃ አለት ውስጥ መኖሩን ስትነግሯቸው አንዱ ስለ ጥፋት ውሃ ማንሳቱ አይቀርም። በእምነቱ አትሳለቁ፣ ክርክርም አትግጠሙ። ቅርፊቱ ያለበት ንብርብር ከላቫው በላይ ነው ወይስ በታች? ስንት ንብርብር አለ? ብላችሁ ወደ ድንጋዩ መልሱት።

ፈተና ስታወጡ ትርጉም ጻፉ አትበሉ። «ጣና ደርቆ ነበር የሚል ሰው ምን ማስረጃ ሊያሳያችሁ ይገባል?» ብላችሁ ሦስት ነጥብ ስጡት፤ አንዱ ለማስረጃው፣ አንዱ ማስረጃው ለተገኘበት ቦታ፣ አንዱ ድርቀትን እንዴት እንደሚያሳይ ለማብራራቱ።