«ልጄ 21 ሞላት»፦ የግሪን ካርድ ጠባቂዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሁሉም ከአሜሪካ ናቸው። የጻፉት በሕጋዊ መንገድ ያመለከቱ፣ ክፍያውን የከፈሉ፣ አሻራ የሰጡ፣ ከዚያ በኋላ ግን ድምፅ የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው።

ከዴንቨር የጻፈው ወንድም አሳይለም (ጥገኝነት) አግኝቶ ግሪን ካርዱ አሁን ደርሶታል። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ግን ከተፈቀደለት ቀን በአንድ ዓመት ይቀድማል። «ተሳስተው ነው፣ ልመልሰው?» ይላል።

እንዳትመልሰው! በአሳይለም ለሚያገኙ ሰዎች ቀኑ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተደርጎ ነው የሚጻፈው። ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልግህ 5 ዓመትም የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። እንኳን ደስ አለህ።

«ቤት ቀይረናል፤ ኬዙ ሲያልቅ ብንነግራቸው ችግር አለው?»

አለው። በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ፖስታ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ኢሚግሬሽንን።

በዳላስ የምትሠራ ነርስ ደግሞ ሕንዳዊት ባልደረባዋ ከ10 ዓመት በላይ ስትጠብቅ አይታ ደንግጣለች። «እኔንም ይህ ነው የሚጠብቀኝ?»

አይደለም። በሥራ በኩል በዓመት የሚሰጠው ግሪን ካርድ ወደ 140,000 ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ አገር በመደበኛው ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም። ይህ እ.ኤ.አ. የ1990 ሕግ ነው። ከሕንድ የሚያመለክተው ሰው እጅግ ብዙ ስለሆነ የእነሱ ሰልፍ ተለይቶ ረዝሟል። አንቺ በየወሩ በሚወጣው የወረፋ ማስታወቂያ፣ ቪዛ ቡለቲን በሚሉት ላይ የምታዪው የሌሎች አገሮችን ዓምድ ነው። እዚያም ወረፋ ይኖራል፤ የእሷን ያህል ግን አይደለም። ለእሷ አዝኛለሁ። አብራሽ እኩል እየሠራች በተወለደችበት አገር ብቻ ይህን ያህል መጠበቋ ፍትሕ አይመስለኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉት እናት ደብዳቤ አራት ገጽ ነው፤ አሳጥሬዋለሁ። አሳይለም ሲጠይቁ አዲስ አበባ የቀረችው ልጃቸው 14 ዓመቷ ነበር። ኢንተርቪው እስኪደርሳቸው 5 ዓመት ጠበቁ። እንደተፈቀደላቸው ለልጃቸው ማመልከቻ አስገቡ። ዓመት ሲሞላቸው የራሳቸውን ግሪን ካርድ ጠየቁ። ሁለቱም አልመጣም። ባለፈው ወር ልጅቷ 21 ሞላት። ጎፋ፣ አክስቷ ቤት ኬክ ስትቆርስ በቪዲዮ አዩ። ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። «አመለጠኝ አይደል?» ይላሉ።

አላመለጠዎትም፣ እህቴ። ድሮ ቢሮው በዘገየ ቁጥር ልጆች 21 እየሞላቸው፣ እንደ ልጅ መቆጠራቸው እያበቃ ይቀሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮንግረስ ይህን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። በአሳይለም የልጅ ዕድሜ የሚያዘው ወላጅ ማመልከቻውን ባስገባበት ቀን ነው። ያኔ 14 ዓመቷ ስለነበር ሕጉ ዛሬም እንደ ልጅ ያያታል። የእርስዎ ግሪን ካርድ መዘግየትም የእሷን ጉዳይ አያስቆመውም፤ ፋይሉ ለየብቻ ነው።

ግን እንዳታገባ! በማዘጋጃም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በኒካህም ካገባች ዕድሉ ይሄዳል። ይህን ለአክስቷ በደንብ ይንገሯቸው። ሽማግሌ ሲመጣ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸውና።

ሌላው የልደት ቀኗ ነው። የልደት ሰርተፍኬቷን አውጥተው እርስዎ ከሞሉት ፎርም ጋር ቀን በቀን ያመሳክሩት። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ አንድ ቀን ወይም አንድ ዓመት ከተዛባ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ሌላ ወራትም ይበላል።

«ታገሺ» ይሉኛል ብለው ጽፈዋል። ሰባት ዓመት ታግሰዋል። የታዘዙትን ሁሉ አድርገው የልጅዎ ጉርምስና በስልክ መስታወት ውስጥ አለፈ። ስለዚህ አሁን ይጠይቁ። የሚኖሩበትን አካባቢ የሚወክለው የኮንግረስ አባል ቢሮ ይሂዱ። ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ አገልግሎቱም በነፃ ነው። የፈቃድ ፎርም ያስፈርሙዎታል፤ ከዚያ ስለ ፋይሉ በእርስዎ ስም ይጠይቃሉ። ማዘዝ አይችሉም፤ የተረሳ ፋይል ግን የሚነሳበት ጊዜ አለ።

ከዚያ በፊት ግን ጠበቃ ያግኙ። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንዎት። ኢሚግሬሽን ላይ የሚሠራ፣ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይሁን እንጂ ፎርም የሚሞላ ጎረቤት አይሁን። አቅም ካነሰዎት ካቶሊክ ቻሪቲስን የመሰሉ ድርጅቶች በአነስተኛ ክፍያ ያግዛሉ። የመጀመሪያውን የአሳይለም ፎርም ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ የልጅዎ ስም እዚያ ላይ መኖሩን ጠበቃው በዓይኑ ይየው።

«በጋብቻ አመልክቼ እየጠበቅኩ ነው። ለእህቴ ሰርግ አዲስ አበባ ደርሼ ብመለስስ?»

ቀድመህ የጉዞ ፈቃድ ሳትይዝ ከወጣህ በአብዛኛው ማመልከቻህን እንደተውከው ይቆጠራል። ጠበቃህን ጠይቅ።

በመጨረሻም፣ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ በ3,000 ዶላር አስፈጥንልሃለሁ» የተባለው የአትላንታው ወንድም።

እንዲህ ያለህ ሰው ሌባ ነው። እንዳትከፍል፤ ፓስፖርትህንም እንዳትሰጠው። ሰጥተኸው ከሆነ ዛሬውኑ ተቀበለው።