ነጭ ዓይን ሲጋልን በቀይ ባሕር ዳርቻ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በእስራኤል ኤላት ሰሜናዊ ዳርቻ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነ ሲጋል (የውሃ ዳር ወፍ) አየሁ። ነጭ ዓይን የሚባለው ይህ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጭንቅላታቸው የጠቆረ ሌሎች ሲጋሎችም በዚያው ስለሚያልፉ ምንቃሩን ሳያዩ አይወስኑ። በመራቢያ ወቅት የጎልማሳው ነጭ ዓይን ሲጋል ምንቃር ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ታች ዘንበል ያለ፣ ደማቅ ቀይና ጫፉ ጥቁር ነው። የጭንቅላቱ ጥቁረት እስከ ላይኛው ደረቱ ይወርዳል፤ እግሩ ቢጫ ነው። ዓይኑ ራሱ ጥቁር ሲሆን ነጩ ከዓይኑ በላይና በታች ያሉት ሁለት ወፍራም ቅስቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከጥላሸታማው ሲጋል ጋር ተቀላቅሎ አገኘዋለሁ። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥላሸታማው ገዘፍ ያለ፣ ጭንቅላቱና ጀርባው ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው፤ ወፍራም ምንቃሩም ቢጫማ ሆኖ ወደ ጫፉ ጥቁር ቀለበትና ቀይ አለበት፤ ነጩ ቅስትም በግልጽ የሚታየው ከዓይኑ በላይ ብቻ ነው። ወጣቶቹ ሁለቱም ቡናማ ስለሆኑ ላባቸው ብዙም አይረዳም፤ የነጭ ዓይኑ ወጣት ምንቃር ግን ሙሉ በሙሉ ጥቁርና ቀጭን ሲሆን፣ የሌላው ግራጫማ ሆኖ ጫፉ ብቻ ይጠቁራል። እኔ ከቀለም ይልቅ የምንቃሩን ቅርጽ አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም በቀትር ነጸብራቅ ሁለቱም ጥቁር መስለው ሲታዩ ቅርጹ አይለወጥም። ዓሣ አጥማጆች የዓሣ አንጀት በሚጥሉበት ሰዓት ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ዝም ብለው ቢቀመጡ፣ ያለ ባይኖኩላር የሚለዩበት ርቀት ድረስ ይቀርባሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፉጃይራ ነው። እዚህስ አለ?

መልስ፦ የሚያዩት ጥላሸታማው ሊሆን ይችላል። ነጭ ዓይኑ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እምብዛም አይወጣም፤ ጥላሸታማው ግን እስከ ፓኪስታንና እስከ ኬንያ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ዓይኑ የነጣ ሲጋል አይቻለሁ፤ እሱስ?

መልስ፦ እሱ ራሰ ግራጫው ሲጋል ነው። የጎልማሳው ዓይን በእርግጥ ፈዛዛ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የተለመደ ወፍ ነው።

ጥያቄ፦ የነጭ ዓይኑን ሲጋል ጫጩቶች ፎቶ ለማንሳት ወደሚራባባቸው ደሴቶች መውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ እባክዎ አይውጡ። የሚራባው ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በግብፅ ሁርጋዳ አቅራቢያና በኤርትራ ባሉ ደሴቶች ላይ ሲሆን፣ ከ2 እስከ 3 እንቁላል በባዶ መሬት ላይ ይጥላል። ወላጆቹ ከጎጆው ከተነሡ እንቁላሎቹ በፀሐይ ይበላሻሉ፤ ጥላሸታማው ሲጋልም ሊነጥቃቸው ይችላል። ከጀልባ ሆነው በባይኖኩላር ይመልከቱ፤ ወፎቹ ተነሥተው እየጮኹ ከራስዎ በላይ መዞር ከጀመሩ ግን ከሚገባው በላይ ቀርበዋልና የጀልባውን ነጂ ወዲያውኑ እንዲርቅ ይንገሩት።