የግራፍ ዘንግ ወሰን ለምን አልታዘዝ ይላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኮምቦልቻ የምኖር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የደሴንና የኮምቦልቻን ወርኃዊ የዝናብ መጠን ጎን ለጎን የሚያሳዩ ሁለት ግራፎችን በፓይተን ቋንቋ፣ ማትፕሎትሊብ በተባለው ላይብረሪ እያዘጋጀሁ ነው። ቋሚው ዘንግ ከዜሮ በታች መጀመሩ ስላልተዋጠልኝ የታች ወሰኑ ዜሮ እንዲሆን ባዝዝ፣ የደሴው ግራፍ ከ0 እስከ 1 ያለውን ብቻ አሳይቶ ይቀራል። የኮምቦልቻው ደግሞ በቋሚው ዘንግ ላይ ቁጥሮቹን ያለ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፤ ወሰኑን ከ0 እስከ 350 ሳደርገው መስመሩ በሙሉ ወርዶ ከአግዳሚው ዘንግ ጋር ይጣበቃል። አማካሪዬ ሁለቱ ግራፎች እኩል ወሰን እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱ ግራፎችዎ የታመሙት በተለያየ በሽታ ስለሆነ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። የደሴው ችግር የትእዛዝ ቅደም ተከተል ሲሆን የኮምቦልቻው ግን ከፋይሉ የመጣ ነው።

ማትፕሎትሊብ ወሰን ካልተሰጠው መረጃውን አይቶ ወሰኑን ራሱ ይመርጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 2.0 ስሪት ጀምሮም በመስመር ግራፍ ላይ ከመረጃው ስፋት 5 በመቶ ያህል ከላይም ከታችም ይጨምራል። በበጋ ወራት የዝናቡ መጠን ዜሮ ከሆነ ዘንጉ ከዜሮ በታች የሚጀምረው ከዚህ የተነሣ ነው። እርስዎ «ሴት ዋይሊም» ብለው ወሰን ሲሰጡ ግን አንድ ቁጥር ማስገባት ብቻ ሳይሆን፣ ላይብረሪው ከዚያ በኋላ በራሱ መምረጡን እንዲያቆምም ማዘዝዎ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው መስመሩ ከመሣሉ በፊት ከሆነ፣ ገና ባዶ የሆነው ዘንግ የላይ ወሰኑ 1 ስለሆነ በዚያው ላይ ይረጋል፤ በኋላ የሚመጣው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሁሉ ከክፈፉ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ መስመሮቹን በሙሉ ይሣሉ፤ የታች ወሰኑን ዜሮ የሚያደርገውን ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ያስከትሉ።

ይህን ካደረጉ በኋላም ወሰኑ ካልታዘዘ፣ ሥዕሉን ከማስቀመጥዎ አንድ መስመር ቀደም ብለው «ጌት ዋይሊም» በሚለው ትእዛዝ ዘንጉ በዚያች ሰዓት የያዘውን ወሰን ያሳትሙ። እኔ ማንኛውንም የወሰን ችግር የምጀምረው ከዚህ ነው። የታተሙት ሁለት ቁጥሮች እርስዎ የሰጧቸው ከሆኑ ጥፋቱ ያለው መረጃው ውስጥ ነው፤ ካልሆኑ ደግሞ ከእርስዎ በኋላ የመጣ ሌላ ትእዛዝ ለውጧቸዋል ወይም ወሰኑ ያረፈው ሌላ ዘንግ ላይ ነው። የኋለኛው በተለይ የሠንጠረዥ መረጃ ማንበቢያና ማቀናበሪያ የሆነውን ፓንዳስ የተባለ የፓይተን ላይብረሪ በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ይደርሳል። የፓንዳስ ሠንጠረዥ በራሱ «ፕሎት» ሲሣል የትኛው ዘንግ ላይ እንደሚሣል ካልተነገረው አዲስ ሥዕል ይከፍታልና፣ አስቀድሞ የተሰጠው ወሰን ባዶው ሥዕል ላይ ይቀራል።

ወደ ኮምቦልቻው እንምጣ። በቋሚው ዘንግ ላይ ከ35 ቀጥሎ 290፣ ከዚያ 12 ተደርድሮ ከታየ ላይብረሪው ቁጥሮቹን የሚያነበው እንደ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍን መለካት ስለማይችል በፋይሉ ውስጥ እንደ አመጣጣቸው 0፣ 1፣ 2 እያለ ቦታ ይሰጣቸዋል። አሥራ ሁለት የተለያዩ እሴቶች ቢኖሩ የመጨረሻው የሚቀመጠው 11 ላይ ነው፤ እርስዎ ዘንጉን እስከ 350 ሲዘረጉት መስመሩ ወለል ላይ የተኛው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው በአንዷ የሠንጠረዡ ክፍል ውስጥ «የለም» ብሎ ከጻፈ ወይም ከቁጥሩ ጎን «ሚ.ሜ» ካስከተለ፣ ያች አንድ ክፍል ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ ልታደርገው ትበቃለች። የሺህ ነጠላ ሰረዝም እንዲሁ ያደርጋል። በፓንዳስ «ቱ ኑሜሪክ» የተባለው ትእዛዝ ዓምዱን ወደ ቁጥር ይመልሰዋል፤ ያልተነበበውን ባዶ እንዲያደርግ ሲያዝዙት ግን ስንት ክፍሎች ባዶ እንደሆኑ ይቁጠሩ፤ ትእዛዙ «290 ሚ.ሜ» የሚለውንም እንደ «የለም» ቆጥሮ ያጠፋዋልና።

ሌላም መመርመር ያለብዎት ነገር አለ። በአየር ጠባይ ፋይሎች ውስጥ ያልተመዘገበ ቀን ወይም ወር ብዙ ጊዜ -99.9 ተብሎ ይሞላል። ዝናብ ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል ይህን ቁጥር ግራፍ ላይ ያየ ሰው በዜሮ ወሰን ሊሸፍነው ይፈተናል። ወሰን የሚደብቀው ከዓይን ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በአማካዩም ሆነ በድምሩ ውስጥ እንዳለ ይቀጥላል። ፋይሉ ሲነበብ ባዶ እንዲሆን ማድረግ ይገባል።

እኩል ወሰንን በተመለከተ አማካሪዎ ትክክል ናቸው፤ ዓይን የሚያወዳድረው የመስመሩን ከፍታ እንጂ ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም። ሁለቱን ዘንጎች በ«ሰብፕሎትስ» ሲከፍቱ «ሼር ዋይ» የሚለውን አማራጭ ያብሩት፤ ከዚያ ወዲያ በአንዱ የተሰጠ ወሰን ለሌላውም ይሆናል። በወሎ ግን አንድ ችግር ይገጥምዎታል። የክረምቱ ዝናብ የላይ ወሰኑን ከፍ ስለሚያደርገው የበልጉ ዝናብ ትንሽ ጉብታ መስሎ ይታያል። አንዳንዶች ይህን ለመፍታት የሎጋሪዝም ዘንግ ይመርጣሉ፤ የሎጋሪዝም ዘንግ ዜሮን ስለማይቀበል ደረቁ ወር ከግራፉ ይጠፋል። እኔ የምመክረው በልጉን ለብቻው፣ ወሰኑን በግልጽ ጽፎ በሌላ ግራፍ ማሳየትን ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተያዘ መዝገብ አለኝ። ቀኖቹን ወደ ቀን ዓይነት ቀይሬ አግዳሚውን ዘንግ ከ1 እስከ 13 ብወስነው 1970 የሚል ዓመተ ምሕረት መጣ፤ የጳጉሜንም መረጃ የለም።

መልስ፦ ማትፕሎትሊብ ቀንን የሚይዘው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠሩ ቀናት ነው፤ ከ2020ው 3.3 ስሪት በፊት የነበሩት ደግሞ ከ1ኛው ዓመት ይነሡ ነበር። 1 እና 13 ብለው ሲወስኑ ወራትን ሳይሆን የ1970ን የጥር ወር የመጀመሪያ ቀናት ጠይቀዋል። ጳጉሜን የጠፋችው ፓይተን የሚያውቀው የግሪጎርያን አቆጣጠር 13ኛ ወር ስለሌለው ነው፤ 2ኛው ወራችን ጥቅምት እንደ ፌብሩዋሪ ስለሚነበብ ጥቅምት 30ም በዚያው መንገድ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና ይመልከቱት። መዝገቡ ዕለታዊ ከሆነ ቀኖቹን አስቀድመው ወደ ግሪጎርያን ይመልሱና በዘንጉ ላይ የሚጻፈውን ብቻ በእኛ አቆጣጠር ያድርጉት። ወርኃዊ ድምር ከሆነ ግን የቀን ዓይነትን ትተው ወራቱን ከ1 እስከ 13 ባሉ ተራ ቁጥሮች ያስቀምጡ፤ ስማቸውንም በመለያነት ይስጡ። የጳጉሜን ድምር የ5 ወይም የ6 ቀን ብቻ ስለሆነ ይህን ከግራፉ ሥር ይጻፉ፤ አለዚያ አንባቢ ዝናቡ በድንገት የቆመ ይመስለዋል። ላይብረሪው ይዞት የሚመጣው ቅርጸ ፊደል የግእዝ ፊደላትን ስለማይዝ፣ የወሮቹ ስም በባዶ ሣጥኖች እንዳይተካ እንደ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ቅርጸ ፊደል ይምረጡ። ግራፉ የአሞሌ ከሆነ ወሰኑን ከ0.5 እስከ 13.5 ያድርጉት፤ በ1 እና በ13 ከወሰኑት የመስከረምና የጳጉሜን አሞሌዎች እኩሌታቸው ይቆረጣል።