የራዲዮ ጣቢያ ስለ ምን የራሱ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ይኖረዋል?

ጥያቄ፦ የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ኮንሰርቶች በራዲዮ እከታተላለሁ። አንድ የስርጭት ተቋም የተቀረጸ ሙዚቃ ማሰማት እየቻለ ስለ ምን ሙዚቀኞችን በቋሚ ደመወዝ ቀጥሮ ያኖራል? የኦርኬስትራውን አመሠራረት ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ኦርኬስትራው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን የነበረው ሸክላ በአንድ ገጹ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ስለነበር፣ አንድ ሙሉ ሲምፎኒ ሳይቆራረጥ ለአድማጭ የሚደርሰው ሙዚቀኞቹ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም። ቢቢሲ ሙዚቀኞችን በየምሽቱ እያስጠራ ሊያጫውት ይችል ነበርና።

ዋናው ምክንያት የለንደን ሙዚቀኞች የኑሮ ሁኔታ ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኞቹ ቋሚ ደመወዝ ስላልነበራቸው የሚተዳደሩት በየዕለቱ በሚያገኙት ሥራ ሲሆን፣ ከዚህም የተነሣ ምትክ የመላክ ልማድ ሥር ሰዶ ነበር። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ለልምምድ ከተስማማ በኋላ በዚያው ሰዓት የተሻለ የሚከፍል ሥራ ቢያገኝ በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው ይልካል፤ የሙዚቃ መሪው ትናንት ያረመውን ስህተት ዛሬ አዲስ የመጣው ሰው ይደግመዋል፤ በኮንሰርቱ ምሽት ደግሞ አንድም ልምምድ ያልተካፈለ ሦስተኛ ሰው ወንበሩን ይይዘው ይሆናል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የተሻለ ክፍያ በመምረጡ ሊወቀስ አይገባውም፤ ጉድለቱ የአሠራሩ ነበር። በ1927 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ በቪልሄልም ፉርትቬንግለር እየተመራ ለንደን መጥቶ ሲጫወት፣ አብሮ የኖረና አብሮ የተለማመደ ኦርኬስትራ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው የከተማይቱ ሐያሲያን በግልጽ ሰሙ፤ ቁጭታቸውንም በጽሑፍ ገለጹ።

ቢቢሲ መጀመሪያ ከሙዚቃ መሪው ከሰር ቶማስ ቢቻም ጋር አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ለማቋቋም ቢደራደርም ስምምነቱ ሳይሠምር ቀረ። ከዚያ በኋላ ሥራው በበርሚንግሃም ኦርኬስትራ ይመራ በነበረው በኤድሪያን ቦልት እጅ ገባ። ቢቢሲ ገቢውን የሚያገኘው የራዲዮ መቀበያ ያለው ሁሉ በዓመት ከሚከፍለው የ10 ሺሊንግ የፈቃድ ክፍያ ስለነበር፣ በትኬት ሽያጭ የሚኖር ድርጅት የማይደፍረውን ማድረግ ቻለ፦ 114 ሙዚቀኞችን በቋሚ ውል ቀጠረ፤ ምትክ መላክንም ከለከለ። የመጀመሪያው ኮንሰርት በጥቅምት 22 ቀን 1930 በለንደኑ ክዊንስ ሆል ሲቀርብ የቫግነር፣ የሳን-ሳንስ፣ የብራምስና የራቬል ሥራዎች ተሰሙ፤ በሳን-ሳንስ ኮንቼርቶም (አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራው ጋር ጎልቶ በሚጫወትበት ሥራ) ፖርቱጋላዊቷ ጊልየርሚና ሱጂያ ከቫዮሊን የሚተልቀውን ባለ አውታር መሣሪያ፣ ቼሎን፣ ተጫወተች።

ደመወዙ በወር መጨረሻ እንደሚከፈለው የሚያውቅ ኦርኬስትራ አዳራሽ የማይሞላ ሙዚቃንም በድፍረት ያጠናል። ገና ተቋቁሞ ወራት ሳይሞላው፣ በጥር 1931፣ አቀናባሪው አርኖልድ ሾንበርግ ራሱ መጥቶ የራሱን ሥራ መርቶበታል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በግንቦት 1 ቀን 1936 የሆነው ነው። አቀናባሪው አልባን በርግ ከሞተ አምስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር፤ የቫዮሊን ኮንቼርቶው ባርሴሎና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰማ ደግሞ ሁለት ሳምንት እንኳ አላለፈም። ባርሴሎና ላይ እንዲመራው ታስቦ የነበረው የበርግ የቅርብ ወዳጅ አንቶን ቬበርን ከኃላፊነቱ ወጥቶ ነበር። ለንደን ላይ ግን ያንኑ ሥራ ከቢቢሲ ሲምፎኒ ጋር መራው፤ ሥራው እንዲጻፍለት የጠየቀው ሉዊ ክራስነርም ቫዮሊኑን ተጫወተ። የምሽቱ ስርጭት ተቀርጾ ስለተረፈ፣ ሐዘኑ ያልወጣለት ቬበርን ሙዚቃውን ምን ያህል ሳይቸኩል እንደያዘው ዛሬም ማዳመጥ ይቻላል። ሥራውን ለማሰማት መወሰኑ ከበሬታ የሚገባው ነበር፤ ትኬት ሻጭ ብቻውን ቢወስን ኖሮ ይህ ምሽት ባልኖረም ነበር።

በ1934 ቀድሞ የስኬቲንግ መጫወቻ የነበረው በለንደን የሚገኘው የሜዳ ቬል ሕንፃ ስቱዲዮ ሆኖ የኦርኬስትራው መኖሪያ ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ኦርኬስትራው በ1939 ወደ ብሪስቶል ተዛወረ፤ ብሪስቶልም በቦምብ ስትደበደብ በ1941 ወደ ቤድፎርድ ሄደ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ክዊንስ ሆል በአየር ጥቃት ተቃጥሎ ወደመ፤ በየዓመቱ በጋ ላይ የሚካሄደው ፕሮምስ የተሰኘው የኮንሰርት ወቅትም ወደ ሮያል አልበርት ሆል ተሻገረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ቦልት በ1950 ዕድሜው ስለደረሰ ከመሪነቱ እንዲለቅ ሲደረግ ማልኮም ሳርጀንት ተካው። ከ1971 እስከ 1975 ድረስ የመራው ፒየር ቡሌዝ የመሥራቾቹን ድፍረት በሙሉ ኃይል መለሰለት። ከ2013 ጀምሮ ዋናው መሪ ፊንላንዳዊው ሳካሪ ኦራሞ ነው።

ዛሬ ቅጂ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ኦርኬስትራው ለምን ይቀጥላል ላሉት፣ የ1930ው ቴክኒካዊ ምክንያት በእርግጥ ቀርቷል። ዛሬም የሚጸናው ሌላ ምክንያት ነው፤ ገና ያልተቀረጸን ሙዚቃ ሊቀርጸው የሚችለው አንድ ሰው መጀመሪያ ሲጫወተው ብቻ ነው። ሁሉም አገር ግን በዚህ አይስማማም። በጀርመን የሽቱትጋርትና የባደን-ባደን ፍራይቡርግ የራዲዮ ኦርኬስትራዎች ብዙ ሙዚቀኞች እየተቃወሙ በ2016 ተዋሕደው አንድ ሆነዋል። ቢቢሲም በመጋቢት 2023 በእንግሊዝ ካሉት ኦርኬስትራዎቹ ቋሚ የሥራ መደቦች ላይ 20 በመቶ ለመቀነስና የመዘምራን ቡድኑን ለመዝጋት ማቀዱን አስታውቆ፣ ከሙዚቀኞችና ከአድማጮች በተነሣው ብርቱ ተቃውሞ የመዘምራኑን መዘጋት በዚያው ወር አግዷል።